ሰላዩ ማዳበሪያ አልያዘም

የመጀመሪያው ሰላያችን የሞተው ጨዋታው በተጀመረ በ10ኛው ደቂቃ ነው። ሞተ ስል በጨዋታው ነው፤ ልጁማ ደህና ነው፣ ዛሬም ባጃጁን ይነዳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚሁ ባሕር ዳር አራት ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ሮልፕሌይ ጌም እንጫወታለን። ስክሪን የለም፣ ሰሌዳ የለም። እኔ ዓለሙን እተርካለሁ፣ እነሱ "እንዲህ አደርጋለሁ" ይላሉ፣ የሚያጠራጥረውን ዳይስ ይፈርዳል። ዳይሶቹ ከታናሽ እህቴ ሉዶ የተበደርናቸው ሁለት ናቸው። ዓለሙ የኛው ጣና ነው፣ ሁሉ ነገር ከፈረሰ ከ20 ዓመት በኋላ። ስልክ የለም፣ ነዳጅ የለም፣ አስፋልቱን ሣር ውጦታል፣ ዘንባባዎቹ ብቻ ተደርድረው ቆመዋል። ሐይቁ ግን አለ፣ ከሐይቁም የተረፈ ሰው አለ። ዘጌ ጫካው ውስጥ ቡና የሚለቅሙ፣ ደቅ ደሴት ላይ የሚያርሱ፣ ጨራ ጨራ ላይ የግድቡን በሮች ይዘው ዓባይን ሲያሻቸው የሚከፍቱ ሲያሻቸው የሚዘጉ፣ በምዕራብ በኩል ደግሞ የጣና በለስን ዋሻ የተቆጣጠሩ። ይሄኛው የኔ ፈጠራ አይደለም፤ ከሐይቁ ውሃ ወስዶ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ አሳልፎ 460 ሜጋ ዋት ድረስ የሚያመነጨው ጣቢያ ከ2002 ጀምሮ ያለ ነው። ዓለም ከጠፋች በኋላ እሱን የያዘ ሰው ንጉሥ ነው ብዬ አስቀመጥኩት።

የተጫዋቾቹ ሥራ ወደነዚህ ሰፈሮች ማንነቱን የደበቀ ሰው መላክ ነው። ስንት ናቸው? ምን አላቸው? ይነግዱናል ወይስ ይወጉናል?

የባጃጁ ልጅ ወደ ዘጌ "ቡና ገዢ ነኝ" ብሎ ሊገባ ወሰነ። ጨዋታው ሳይጀመር ቦርሳውን ሲሞላ ብቻ አንድ ሰዓት ፈጀ። መነጽር (የሩቅ ማያ)፣ ራዲዮ፣ ካርታ፣ ጩቤ፣ ገመድ፣ የሐኪም ቤት መድኃኒት፣ የሦስት ቀን ምግብ። እኔም ጀማሪ አጫዋች ስለነበርኩ "አሪፍ ነው" አልኩት። ከዛ ዘጌ ወደብ ላይ አንዲት ባልቴት አስቀመጥኩ።

"ከየት ነህ ልጄ?"

"ከወረታ፣ እማማ። ቡና ልገዛ መጥቼ።"

"እሰይ። ማዳበሪያህስ?"

ዝም አለ። ለሰባት ሰላይ የሚበቃ ዕቃ ጭኗል፣ ቡና የሚከትበት አንድ ባዶ ማዳበሪያ ግን የለውም። የሚመዝንበት የለውም፣ የሚከፍለው የለውም። ባልቴቷ ወዲያው ነቄ አለች፣ ቦርሳው ተፈተሸ፣ ራዲዮው ወጣ፣ በቃ።

ልጁ "ዳይስ ሳልጥል እንዴት እሞታለሁ!" ብሎ ጮኸ። ጩኸቱ ሌላ ጣጣ አመጣ፤ ያኔ የምንጫወተው አንድ ጭማቂ ቤት ውስጥ ነበርና ቀጥሎ "እሺ፣ ሌላ ሰላይ በሌሊት በታንኳ እናስገባለን" ሲል ከጎናችን ያለው ጠረጴዛ ፀጥ አለ። በዚህ ጊዜ፣ በዚህ ከተማ፣ "ሰላይ" የሚባል ቃል በአደባባይ ጮክ ተብሎ አይጠራም። አቮካዶውን በግማሽ ትተን ወጣን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃሉ "ቃኚ" ሆነ፣ ቦታው ደግሞ አክስቴ ሳሎን።

አክስቴ ጨዋታው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ በደንብ አልገባትም። ግን ቡና እየቆላች የባጃጁን ልጅ የዕቃ ዝርዝር ስናነብ ሰማችና "ይሄ ሰውዬ የያዘው ሁሉ ለራሱ ነው እኮ። ለሰው የያዘው የታለ?" አለች። መቁሊያውን ነቅነቅ አድርጋ "ባዶ እጁን ሰው ቤት የሚመጣ ወይ ሌባ ነው ወይ ቀረጥ ሰብሳቢ" ብላ ጨመረች።

ዕቃ የማስያዝ ሕጋችን እንዳለ የተቀየረው ከዚህ በኋላ ነው። አሁን ቃኚው ስምንት ዕቃ ብቻ ይይዛል። የለበሰውና የተጫማው ይቆጠራል። የመጣበት ታንኳም ይቆጠራል። ለእያንዳንዱ ዕቃ ተጫዋቹ ከየት፣ ለምን፣ ከማን የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች በአንድ ትንፋሽ መመለስ አለበት። መልስ የሌለው ዕቃ መያዝ ይቻላል፣ ግን "የተደበቀ" ተብሎ ይመዘገባል፣ ከአንድ በላይ የተደበቀ ደግሞ አይፈቀድም።

ታንኳም ይቆጠራል የምለው በአጎቴ ልጅ ላይ ከደረሰው በኋላ ነው። ምህንድስና ተማሪ ነው፣ ሁሉን አስልቶ ነው የመጣው። ደቅ ላይ ዓሣ አስጋሪ መስሎ ገባ፣ መረብ አለው፣ የደረቀ ቆሮሶ አለው፣ ልብሱ የነተበ ነው። "ከጎርጎራ ነው የመጣሁት፣ ሦስት ቀን ቀዝፌ" አለ። አንድ ሽማግሌ ታንኳውን ገለበጡና ሆዱን በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት። ደንገል ውሃ ይጠጣል። ሦስት ቀን ሐይቅ ላይ የዋለ ታንኳ ይከብዳል፣ ጫን ሲሉት ውሃ ያዣል፣ ፀሐይ ላይ ካላቆሙት አይደርቅም። የእሱ ታንኳ እንደ ትራስ የቀለለና የደረቀ፣ ገና አረንጓዴነቱ ያልለቀቀ ነው። ትናንት ማታ ከቅርብ እንደተነሳ ራሱ ታንኳው ተናገረ። ሽማግሌው ምንም አላሉም፣ "እጅህን አሳየኝ" ብቻ አሉ። መዳፉ ላይ አንድም የመቅዘፊያ ውኃ ቋጠሮ የለም።

የአጎቴ ልጅ ለሁለት ሳምንት አኮረፈኝ። "ይሄ ፈተና ነው ወይስ ጨዋታ?" አለ። እውነቱን ነው፣ ትንሽ አብዝቼዋለሁ። ሁሉንም ሰፈር በመርማሪ ሞልቼው ነበር። በኋላ ነው የገባኝ፣ ሰፈሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት መጠርጠር የለባቸውም። እያንዳንዱ የራሱ ፍርሃት አለው። ዘጌዎች የሚፈሩት የቡናቸውን ጫካ የሚቆርጥ ሰው ነው፣ መጥረቢያ ካላዩ ዘና ይላሉ። ደቆች በሽታ ይፈራሉ፣ ስለዚህ ማሳልህን እንጂ ቦርሳህን አያዩም። የዋሻዎቹ ሰዎች ግን ማንበብ የሚችል ሰው ይፈራሉ፤ ምክንያቱን አልነግራችሁም፣ ተጫዋቾቼ ገና አልደረሱበትም።

ጨው ላይ ብዙ ተከራክረናል። ጣና ጨዋማ ሐይቅ አይደለም፣ ስለዚህ ደሴት ላይ የቀረ ሰው መጀመሪያ የሚቸገረው በጨው ነው፣ ጥንትም አሞሌው የሚመጣው ከአፋር በኩል ነበር። ጨው የያዘ ቃኚ በየትም በር ይገባል። የአጎቴ ልጅ ታዲያ በሁለተኛው ሙከራው ሃምሳ ኪሎ ሊጭን ፈለገ። ግማሽ ኪሎ ጨው የያዘ ሰው እንግዳ ነው። ሃምሳ ኪሎ የያዘ ግን ከኋላው ግመል አለ፣ መጋዘን አለ፣ ጠባቂ አለ ማለት ነው፣ እና ማን ላከህ ይባላል። ግማሽ ኪሎ ላይ ተስማማን።

የባጃጁ ልጅ በበኩሉ ሁለተኛ ቃኚውን የቆሎ ተማሪ አደረገው። እኔ እስካሁን ካየሁት ሽፋን ሁሉ የሚያምረው ይሄ ነው። ደበሎ፣ አኩፋዳ፣ የውሻ ዱላ፣ አለቀ። ሦስት ዕቃ። "በእንተ ስማ ለማርያም" እያለ በየደጁ ይቆማል፤ ማን የጎረሰ ማን የተራበ እንደሆነ ከሚወረወርለት ቁራሽ ያነባል፣ ቤቶቹን ይቆጥራል፣ ማንም አይጠረጥረውም። ሙሉ ቀን ሠራ። ማታ አንድ አባት አጠገቡ ተቀመጡ።

"ተሜ፣ ከየት ጉባኤ ነህ?"

"ከዋሸራ፣ አባ።"

"እሰይ! በል እስቲ አንዲት ጉባኤ ቃና ጣል አድርግ።"

ልጁ ዳይስ ጣለ፣ 11 መጣለት፣ በደስታ ተነስቶ "ረጅም፣ ስድስት ቤት ያለው ጉባኤ ቃና እዘርፍላቸዋለሁ!" አለ። እኔ ደግሞ የደብተራ ልጅ ልጅ ነኝ። ጉባኤ ቃና አጭሩ የቅኔ ዓይነት ነው፣ ሁለት ቤት ብቻ። አባ ፈገግ አሉ፣ ዳቦ ሰጡት፣ "እደር ልጄ" አሉት፣ በሩንም ከውጭ ቆለፉት።

ከዚህ የተማርነው ሽፋኑን ተጫዋቹ በእውነት ከሚያውቀው ነገር መምረጥ እንዳለብን ነው። ልጁ ቅኔ አያውቅም፣ ጎማ ግን ያውቃል። ሦስተኛው ቃኚው ጎሚስታ ሆነ። ባጃጅ የለ መኪና የለ ምን ጎማ ይለጥፋል እንዳትሉኝ፣ ከተጣለ ጎማ በረባሶ እየቆረጠ ይሰፋል። ዓለም ቢጠፋም ሰው ባዶ እግሩን መሄድ አይፈልግም። ደግሞ እዩት፣ የመጀመሪያውን ቃኚ ካጋለጡት ዕቃዎች አንዱ ጩቤው ነበር፣ ጎሚስታው ጩቤ ቢይዝ ግን ማን ይጠይቀዋል? ወስፌም ይይዛል፣ ሽቦም ይይዛል። የሰው እግር ሲለካ ሰው ያወራዋል። ጨራ ጨራ ላይ አራት ቀን ተቀምጦ የበረኞቹን ሁሉ እግር ለካ፣ የተረኞቹን ቁጥርም ይዞ ወጣ።

ጥያቄና መልሱን የምናጫውትበት መንገድ ከአክስቴ ረከቦት የመጣ ነው። ቃኚው አዲስ ሰፈር ሲገባ ቡና ይጠራል። አቦል ላይ ተራ ጥያቄ ይመጣል፣ በሁለት ዳይስ 6ና ከዚያ በላይ ይበቃዋል። ቶና ላይ የቤተሰብና የአገር ጥያቄ ነው፣ 7 ያስፈልገዋል። በረካ ላይ ሁሉም ዘና ሲሉ አንድ ዝምተኛ ሰው ዋናዋን ጥያቄ ይወረውራል፣ እዚያ 8 ነው። አቋርጦ መነሳት ይቻላል፣ ግን በረካ ሳይጠጣ የሚነሳ እንግዳ ምን ይባላል? የአጎቴ ልጅ አሰላውና ዕቃው ምንም ካልረዳው ሦስቱንም ስኒ የማለፍ ዕድሉ 18 በመቶ አይሞላም፣ ከአምስት አንድ እንኳ አይደለም። አንድ ዕቃ ለመልሱ ከመሰከረለት 1 ይጨመርለታል፤ በየስኒው ሁለት ሁለት ዕቃ ከመሰከረለት ዕድሉ 55 በመቶ ይሆናል። ይሄን ካዩ በኋላ ማንም ራዲዮ ልያዝ ብሎ አያውቅም።

ግን ራዲዮ ከሌለ ወሬው እንዴት ይወጣል? ወረቀት አይሆንም። እዚህ ላይ ነርሷ በለጠችን። አራተኛዋ ተጫዋቻችን ነች፣ ከፈረቃ ስለምትመጣ ግማሹን ጊዜ ታንቀላፋለች፣ ስትነቃ ግን አትቻልም። መቁጠሪያ ያዘች፣ 41 ፍሬ ያለው። ጀልባ ባየች ቁጥር አንድ ፍሬ ታሳልፋለች፣ የደረሰችበት ፍሬ ላይ ቀጭን ክር ታስራለች። ከአንገቷ ማንም አያወልቅባትም። አንድ ጊዜ ብቻ አንድ መነኩሴ "ፍሬው ይሄዳል፣ ከንፈርሽ ግን አይንቀሳቀስም" ብለዋት ደንግጣለች፣ ከዚያ በኋላ እየጸለየች መቁጠር ተማረች።

እሷ የገባችው አዋላጅ ሆና ነው። ምላጭ፣ ክር፣ ቅቤ፣ ግማሽ ኪሎ ጨው፣ በሶ፣ ነጠላ፣ መቁጠሪያ፣ ታንኳ። ስምንት። ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት ስለማይገባበት እሱን ለባጃጁ ልጅ ትታ ደቅ ላይ ቀረች፣ እቴጌ ምንትዋብ ካሠሩት ናርጋ ሥላሴ ብዙም ሳይርቅ አንዲት ጎጆ ሰጧት። በሦስተኛው ቅዳሜ አንዲት ልጅ ምጥ ያዛት። እኔ አንድ ዳይስ ጥላ ታልፋለች ብዬ ነበር፣ እሷ ግን እንቅልፏ ጠፍቶ ደረጃ በደረጃ፣ ማን ውሃ ያፍላ፣ ማን ይያዛት፣ እትብቱ መቼ ይቆረጥ እያለች አርባ ደቂቃ አዋለደች። አክስቴ ሳትቀር ረከቦቱን ትታ መጣች። ልጁ ተወለደ፣ ደሴቷም "እትየ አዋላጅ" ማለት ጀመረች።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ቃኚዋ አልተመለሰችም። ተራዋ ሲደርስ "ጎመን እኮተኩታለሁ" ትላለች። "ሕፃኑን አያለሁ" ትላለች። የባጃጁ ልጅ "ምን ሆና ነው?" ይለኛል፣ እኔ ምን ልበለው? የምትሰጠው ነገር እውነተኛ የሆነ ቃኚ ሰፈሩ እውነትም ይቀበለዋል፣ ይሄን ስንጀምር ማናችንም አላሰብነውም።

ባለፈው ቅዳሜ መቁጠሪያዋን በአንድ ዓሣ ነጋዴ እጅ ላከችላቸው። ክሩ 12ኛው ፍሬ ላይ ታስሯል። የባጃጁ ልጅና የአጎቴ ልጅ "12 ጀልባ ብቻ ነው ያላቸው!" ብለው ሲጨፍሩ አመሹ፣ ደቅን ለመውረር ቀንም ቆረጡ፣ የፊታችን ቅዳሜ፣ ጠዋት፣ ንፋሱ ሳይነሳ። ነርሷ ጥግ ላይ ቡናዋን ይዛ ቀና አላለችም።

ደቅ ላይ ያለው ጀልባ 30 ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ እሷም ቆጥራዋለች። ልጆቹ ይሄን ቀድመው ካነበቡት ግን አለቀልኝ።