ሩብ ክኒን

ከጠረጴዛዬ በላይ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ምስክር ወረቀት አለ። ሁለት ቀን ሠልጥኗል ይላል። እኔ የሠለጠንኩት አንድ ቀን ተኩል ነው።

ሥልጠናው ኮምቦልቻ ነበር፤ ለእንስሳት ሐኪሞች የተዘጋጀ የሙያ ማሻሻያ። የመጀመሪያው ቀን ደስታ መሰል የሚባለው የበግና የፍየል በሽታና የበግ ፈንጣጣ፣ የሁለተኛው ጠዋት የወተት ላሞች የጡት በሽታ። ከሰዓት በኋላ ያለው ርዕስ «ውሻና ድመት» ይላል። ፊርማው ጠዋት ተሰብስቧል፤ አበሉም ምሳ ላይ ታድሏል። እኔም ሐረጎ ላይ ጉም ሳይወርድ ደሴ ልግባ ብዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። እውነቱን ለመናገር ጉሙ ሰበብ ነው። አሥራ አራት ዓመት በግ፣ በሬና አህያ ሳክም ድመት ይዞልኝ የመጣው ሰው በጣት ይቆጠራል። ለእነዚያ ብሎ ግማሽ ቀን ማን ይቀመጣል?

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ አንድ ምሽት ስልኬ ጮኸ። አራዳ አካባቢ እህል የሚነግዱ እናት ናቸው፤ በጎቻቸውን ስለማክምላቸው ቁጥሬን ይዘዋል። ድመታቸው ከጣሪያ ወድቃ ታነክሳለች። ይህቺ ድመት የምትታቀፍ ጌጥ አይደለችም፤ የጤፉንና የስንዴውን ጆንያ ከአይጥ የምትጠብቅ ሠራተኛ ናት።

«ልጄ፣ ስታለቅስ ልታድር ነው። የሚያስታግስላት ነገር የለም?»

«እማማ፣ ቤት ውስጥ ፓራሲታሞል ካለ ሩቡን ፈጭተው በትንሽ ወተት ይስጧት። ጠዋት ይዘዋት ይምጡ፤ አያታለሁ።»

ክኒኑ 500 ሚሊ ግራም ነው፣ ሩቡ 125። ሕፃናት የሚወስዱት መድኃኒት ምን ያደርጋታል አልኩ። ስልኩን ዘግቼ እራቴን በላሁ።

ጠዋት በካርቶን ይዘዋት መጡ። ፊቷ አብጧል፤ መዳፎቿም እንደዚያው። ቁና ቁና ትተነፍሳለች። ከንፈሯን ገልጬ ድዷን ሳይ ሮዝ መሆን የነበረበት ሥጋ የቡና አተላ መስሏል። መርፌ ወግቼ ጠብታ ደም ጥጥ ላይ አሳረፍኩ። እሱም ቡናማ ነው። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ደም አላየሁም።

«የማታው መድኃኒት አንሷት ይሆን?» አሉኝ እማማ። «ሌላ ሩብ ይዤያለሁ፣ ልጨምርላት?»

እጄን እንዴት እንደዘረጋሁና ክኒኑን ከመዳፋቸው እንዴት እንደወሰድኩ አሁን ድረስ ይታወሰኛል። «ቆይ፣ አንድ ጊዜ» ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁና ኮምቦልቻ ያለ የሥራ ባልደረባዬ ጋ ደወልኩ። እሱ ሥልጠናውን እስከ መጨረሻው ተከታትሏል።

«ምን ሰጠሃት?» አለ። ነገርኩት። ለአፍታ ዝም ብሎ፣ «አንተ ከሰዓት በኋላ አልነበርክም አይደል?» አለኝ። ለዚህ መልስ አልሰጠሁም። ወዲያው የማስተማሪያውን ጽሑፍ ገጽ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከልኝ። የእኔ ቅጂ መሳቢያ ውስጥ ከመርፌዎች ሥር ተነጥፎ እንደነበር ያወቅሁት ማታ ነው።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። የሰው ጉበት ፓራሲታሞልን ከሌላ ውሁድ ጋር አጣምሮ በሽንት የሚያስወጣበት ኢንዛይም አለው። ድመት ላይ ይህ ኢንዛይም እጅግ አነስተኛ ነው። መውጫ ያጣው መድኃኒት ወደ መርዝ ይለወጥና የቀይ የደም ሴሎችን ያጠቃል፤ በውስጣቸው ያለው ሄሞግሎቢንም ኦክስጅን መሸከም ወደማይችል ቡናማ ነገር ይቀየራል። በኪሎ 10 ሚሊ ግራም እንኳን ድመትን ሊመርዝ ይችላል። ይህቺ ድመት ሦስት ኪሎ ናት፤ እኔ ያዘዝኩላት በኪሎ ከ40 በላይ ነው። እንስሳዋ አየር እየሳበች በውስጧ ትታፈናለች። ያውም ደሴ ላይ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ጤነኛው ሰው እንኳን ዳገት ሲወጣ በሚያለከልክበት ከተማ። ክሊኒኬ ውስጥ ደግሞ ኦክስጅን የለም።

ማርከሻው አሴቲልሲስቴይን ነው፤ ለሰው አክታ ማቅጠኛ ተብሎ መድኃኒት ቤት ይሸጣል። ስሙን በወረቀት ጽፌ ከቫይታሚን ሲ ጋር ገዝተው እንዲያመጡ እማማን ላክኋቸው። ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኳቸውም። «ደሟን የሚያስተካክል ነው» አልኩ። ውሸት አይደለም። እውነትም አይደለም።

ባለ 600 ሚሊ ግራሙን አሴቲልሲስቴይን በ12 ሚሊ ሊትር ውሃ በጠበጥኩና 8 ሚሊ ሊትር ከትንሽ ትርፍ ጋር በቀስታ በአፏ ሰጠኋት፤ በኪሎ 140 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ከዚያ በየስድስት ሰዓቱ የዚያን ግማሽ። ሽታው የበሰበሰ እንቁላል ነው፤ የመጀመሪያውን ሲሶ ያህል ፊቴ ላይ ተፋችው፣ ተገቢም ነበር። መያዝና ማገላበጥ ራሱ እንደሚጎዳት ገጹ ላይ ስለተጻፈ ካርቶኗ ውስጥ ብርድ ልብስ አልብሼ ተውኳት። እማማን ወደ ሱቃቸው ሸኝቼ እኔ እዚያው አደርኩ። በማግስቱ የድዷ ጠርዝ መቅላት ጀመረ። በሦስተኛው ቀን እብጠቱ ጎደለ፤ ወተቱንም ላሰች።

እማማ ሊወስዷት ሲመጡ መርቀውኝ አልጠገቡም። ገንዘብ አልተቀበልኩም። ለምን እንዳልተቀበልኩ ግን አልተናገርኩም፤ ደግ ሰው መሰልኩ።

የዚያን ሰሞን ማታ ማታ ያመለጠኝን ክፍል ከመሳቢያ አውጥቼ አነበብኩ። ለውሻ መዥገር የሚረጨው ፐርሜትሪን ድመትን እንደሚያንቀጠቅጥና እንደሚገድል፤ ሽንኩርት የበዛበት ወጥ ትራፊ የውሻንም የድመትንም ቀይ የደም ሴል እንደሚያፈርስ፤ ለሰው ራስ ምታት የምንውጠው አይቡፕሮፌን የውሻን ሆድ እንደሚያቆስልና ኩላሊቱን እንደሚጎዳ። ለስንት ሰው «ትራፊ ስጡት፣ ምንም አይለውም» ብዬ ይሆን? ልቆጥር ሞክሬ ተውኩት።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ድመቷ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አልተከተበችም ነበርና እማማ ይዘዋት መጡ። መርፌውን እየቀዳሁ ሳለ ከአፌ ወጣ።

«እማማ፣ ያን ጊዜ የታመመችው በእኔ ክኒን ነው። ድመት ፓራሲታሞል አይሰጣትም። አላውቅም ነበር።»

የድመቷን ጀርባ ማሻሸታቸውን አላቋረጡም።

«አውቃለሁ» አሉ። «መድኃኒት ቤት ያለው ልጅ ወረቀትህን አይቶ፣ እቤት ፓራሲታሞል አብዝቶ የዋጠ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ለሰውም ማርከሻው ይኸው ነው አለኝ። የለም፣ የዋጠችው ድመቴ ናት አልኩት።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አልተናገሩኝም?»

«ስትናገር ልይህ ብዬ ነዋ» አሉና ቀና ብለው ግድግዳው ላይ ያለውን ምስክር ወረቀት ተመለከቱ፤ እኔንም ተመለከቱ። «አብሽር። በል አሁን ውጋት፣ ሱቁን ለልጅ ትቼ ነው የመጣሁት።»