ናይትሪክ ኦክሳይድ ሠሪውን ኢንዛይም በአይጥ አንጎል ውስጥ መፈለግ፦ እስካሁን የደረስኩበት

ናይትሪክ ኦክሳይድን በማይክሮስኮፕ ማየት አይቻልም። ጋዝ ነው፤ በተሠራ በሰከንዶች ውስጥ ይጠፋል፤ እንደ ብዙዎቹ የነርቭ መልእክተኞች ከረጢት ውስጥ ተጠራቅሞ ተራውን አይጠብቅም። ስለዚህ በአንጎል ውስጥ የትኛው ህዋስ እንደሚያመነጨው ማወቅ የፈለገ ሰው የሚከታተለው ጋዙን የሚሠራውን ኢንዛይም ነው። ሰሞኑን የያዝኩት ሥራም ይኸው ነው፦ ኒውሮናል ናይትሪክ ኦክሳይድ ሲንቴዝን፣ በአጭሩ ኤንኖስን፣ በአንቲቦዲ (አንድን ፕሮቲን ለይቶ በሚይዝ የመከላከያ ፕሮቲን) አማካይነት በቤተ ሙከራ አይጦች፣ በራትና በማውስ አንጎል ውስጥ ማሳየት። ይህን ሥራ ለመጀመር ለምታስቡ ይጠቅማል ያልኩትን ላካፍላችሁ። በተለይ አንቲቦዲው የሚያሳየኝን ነገር በምን ምክንያት ማመን እንደጀመርኩ ማስረዳት እፈልጋለሁ።

ኤንኖስን ብሬትና ስናይደር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990 ከራት ሴሬቤለም (ከኋላ ካለው ትንሹ አንጎል) አጣርተው አወጡት። ኢንዛይሙ ኤል-አርጂኒንን ወደ ሲትሩሊን ሲለውጥ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይወጣል፤ ለዚህም ኦክስጅን፣ ካልሲየም የያዘ ካልሞዱሊን የተባለ ፕሮቲንና ኤሌክትሮን የሚሰጠው ኤንኤዲፒኤች ያስፈልጉታል። ኤንኤዲፒኤች የሚለውን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ። ኤንኖስ ሁለት ወንድሞች አሉት። አንዱ በደም ሥር ውስጠኛ ሽፋን ላይ የሚገኘው ነው፤ ሌላው በቁስለትና በኢንፌክሽን ጊዜ የሚነሳው ነው። ሦስቱም አንድ ዓይነት ሥራ ስለሚሠሩ በአካላቸውም ይመሳሰላሉ። የአንቲቦዲ ጣጣ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አንቲቦዲ ስመርጥ አስቀድሜ የማየው የተሠራበትን ቁራጭ ነው፤ ማለትም እንስሳው አንቲቦዲውን እንዲያመነጭ የተወጋው የፕሮቲኑ የትኛው ክፍል እንደሆነ። የራት ኤንኖስ 1429 አሚኖ አሲድ ያለው ረጅም ፕሮቲን ነው። ከፊት ፒዲዜድ የሚባል ክፍል አለው፤ ኢንዛይሙን በሲናፕስ (ኒውሮኖች በሚገናኙበት ቦታ) አጠገብ የሚያስቀምጠው እሱ ነው፣ ወንድሞቹም ይህ ክፍል የላቸውም። ከዚያ ሄም የሚይዘው ክፍል፣ ቀጥሎ የካልሞዱሊን መቀመጫ፣ በመጨረሻም ኤንኤዲፒኤች የሚያርፍበት ጭራ ይመጣል። ወንድማማቾቹ የሚመሳሰሉት ይበልጡን ሥራው በሚሠራባቸው ክፍሎች ነው። ስለዚህ ከፊት ክፍል ወይም ከጭራው ጫፍ አጭር ቁራጭ ተወስዶ የተሠራ አንቲቦዲ ከሌሎቹ ጋር የመምታታት ዕድሉ ያንሳል። በጠርሙሱ መግለጫ ላይ ይህ ካልተጻፈ ያን አንቲቦዲ አልመርጥም።

የፊትና የጭራ ልዩነት ተራ ዝርዝር እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1993 ከኤንኖስ ጂን ክፍሎች አንዱ፣ ኤክሰን 2፣ የተቆረጠባት ኖክአውት (ጂኗ ሆን ተብሎ የተበላሸባት) ማውስ ተሠራች። ማውሷ ትኖራለች፣ ትወልዳለችም፤ ጨጓራዋ ግን ከልክ በላይ ይለጠጣል፣ ምክንያቱም የጨጓራው መውጫ በር እንዲላላ ናይትሪክ ኦክሳይድ ያስፈልጋል። ለአንቲቦዲ ፈተና ከዚህች ማውስ የተሻለ ምን ይገኛል? ኢንዛይሙ ከሌለ አንቲቦዲው የሚያሳየው ቀለምም ሊኖር አይገባም። ነገር ግን በጭራው በኩል የተሠራ አንቲቦዲ በዚህችው ማውስ አንጎል ላይ ጥቂት ምልክት ያሳያል። ምክንያቱ ከጂኑ አነባበብ ይመጣል። ኤክሰን 2 ቢወጣም ጂኑ ከሌላ ቦታ ጀምሮ ስለሚነበብ ፒዲዜድ የሌላቸው ቤታና ጋማ የተባሉ አጠር ያሉ ዓይነቶች ይሠራሉ። ቤታ 136 ኪሎዳልተን ገደማ ሲሆን ኢንዛይምነቱን አላጣም። ይህን ታሪክ የማያውቅ ሰው የጭራውን አንቲቦዲ ዋሽቷል ብሎ ሊጥለው ይችላል፤ አንቲቦዲው ግን በእርግጥ ያለውን ነገር ነው ያሳየው። በተቃራኒው የፊት ክፍል አንቲቦዲ በዚያች ማውስ ላይ ባዶ ሜዳ ያሳያል፣ ንጹሕ ይመስላል፤ ቤታንና ጋማን ግን ከነአካቴው አያይም። ኋላ ኤክሰን 6 የተነካበት ሌላ ኖክአውት ተሠርቷል፤ ለጭራ አንቲቦዲ መፈተኛ የሚሆነው እሱ ነው። «በኖክአውት ተረጋግጧል» የሚል ጽሑፍ ባየሁ ቁጥር የትኛው ኖክአውት ብዬ መጠየቅ የለመድኩት ከዚህ በኋላ ነው።

ፕሮቲኖችን በጄል ላይ በመጠናቸው ለይቶ በአንቲቦዲ የሚያሳየውን ዘዴ፣ የዌስተርን ብሎቱን ነገር በአጭሩ ላውጋው። የሴሬቤለም ጭማቂ ምርጥ አዎንታዊ ናሙና ነው፣ ኢንዛይሙ እዚያ ብዙ ነውና። የምንጠብቀው ባንድ (የፕሮቲኑ መስመር) 160 ኪሎዳልተን አካባቢ ይወጣል። ትልቅ ፕሮቲን ስለሆነ ጄሉ ሳሳ ያለ መሆን አለበት፤ ወደ ሜምብሬኑ የማዛወሩም ሥራ ረዘም ያለ ጊዜና ቅዝቃዜ ይፈልጋል፣ ካልሆነ ግማሹ ጄል ውስጥ ይቀራል። በ130ዎቹ ውስጥ ባንድ ከወጣ ግን ለመደሰትም ለመደንገጥም አትቸኩሉ። ቤታው ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ ወንድሞችም የሚወጡት እዚያው አካባቢ ነው። ከዚያም ዝቅ ብሎ የሚታይ ባንድ ካልፔይን የሚባለው ቆራጭ ኢንዛይም ከሞት በኋላ የሠራው ስብርባሪ ሊሆን ስለሚችል አንጎሉ በፍጥነት መውጣትና ፕሮቲን ቆራጮችን የሚያግድ መድኃኒት ባለበት ፈሳሽ ውስጥ መፈጨት አለበት።

ወደ ሴክሽኑ፣ ማለትም ወደ ስሱ የአንጎል ቁራጭ ልምጣ፣ ልቤ ያለው እዚያ ነው። እንስሳው በጥልቅ ማደንዘዣ ሥር እያለ በልቡ በኩል መጀመሪያ የፎስፌት ቡፈር ጨው፣ ቀጥሎ 4 ፐርሰንት ፓራፎርማልዲሃይድ ይፈስበታል። አንጎሉ ወጥቶ እዚያው ፓራፎርማልዲሃይድ ውስጥ ያድራል፤ ከዚያ 30 ፐርሰንት ሱክሮዝ ውስጥ እስኪሰምጥ ይቆይና ቀዝቅዞ በ40 ማይክሮሜትር ውፍረት ይቆረጣል። ደሙ ከሥሮቹ ሙሉ በሙሉ መታጠቡን ጉበቱ ሲገረጣ ታውቃላችሁ። ይህ ለማውስ ሴክሽን በተለይ ወሳኝ ነው። አንቲቦዲያችሁ ከማውስ የተገኘ ሞኖክሎናል (ሁሉም አንድ ዓይነት የሆነ) ከሆነ ሁለተኛው አንቲቦዲ፣ የመጀመሪያውን ይዞ እንዲታይ የሚያደርገው፣ በሴክሽኑ ውስጥ የቀረውን የማውሷን የራሷን አንቲቦዲ ጭምር ይይዛል፤ የደም ሥሮቹም ሁሉ ያበራሉ። ለማውስ ከጥንቸል የተገኘ አንቲቦዲ የምመርጠው ለዚህ ነው። ለራት ደግሞ ሁለተኛው አንቲቦዲ ከራት ፕሮቲን ጋር እንዳይያያዝ አስቀድሞ የተጣራ መሆኑን አያለሁ። የመጀመሪያው አንቲቦዲ ያልገባበት አንድ ሴክሽን ከእያንዳንዱ ዙር ጋር ይሄዳል፤ ይህን ለመዝለል የሚያበቃ ምክንያት እስካሁን አላገኘሁም።

የአንቲቦዲውን መጠን በተመለከተ፣ መግለጫው ላይ የተጻፈው ዳይልዩሽን (የማቅጠኛው መጠን) መነሻ ብቻ ነው። ከ1 ለ500 ጀምሬ በየእጥፉ እያቀጠንኩ እስከ 1 ለ8000 ወረድኩ። ሲወፍር ሁሉም ነገር ይቀልማል፣ ሲቀጥን ደግሞ ህዋሶቹ ይደበዝዛሉ። የሚፈለገው በህዋሱና በዙሪያው መካከል ያለው ልዩነት ከሁሉ የሚሰፋበት ነጥብ ነው። ለሚቀጥለው ሥራ ሁሉ እሱን ይዞ መቆየት ያዋጣል።

አሁን ኤንኤዲፒኤች ላልኩት ነገር። ከኤንኖስ ሌላ እንዲህ ያለ ዕድል ያለው የአንጎል ኢንዛይም ብዙ አላውቅም፤ ያለ አንቲቦዲ፣ በራሱ ሥራ ሊታይ ይችላል። አንቲቦዲው አንድ ምስክር ከሆነ ይህ ሁለተኛውና ከመጀመሪያው ጋር ያልተማከረው ምስክር ነው። ሴክሽኑን ኤንኤዲፒኤችና ናይትሮብሉ ቴትራዞሊየም በተጨመሩበት፣ ፒኤች 8.0 በሆነ ትሪስ ቡፈር ውስጥ በ37 ዲግሪ ታኖሩታላችሁ። የኢንዛይሙ ጭራ ኤሌክትሮን ከኤንኤዲፒኤች ወስዶ ለቴትራዞሊየሙ ይሰጣል፤ ቴትራዞሊየሙም ወደማይሟሟ ጥቁር ሰማያዊ ፎርማዛን ይቀየርና ባለበት ይቀመጣል። ኤንኤዲፒኤች ዳያፎሬዝ የሚባለው ዘዴ ይህ ነው። ናይትሪክ ኦክሳይድ የአንጎል መልእክተኛ መሆኑ ከመታወቁ በፊት ጀምሮ በ1960ዎቹ ይሠራበት ነበር፤ ያኔ ተበታትነው በጨለማ ሰማያዊ የሚቀልሙት ኒውሮኖች ምን እንደሆኑ የሚያውቅ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1991 ነው እነዚያው ኒውሮኖች ኤንኖስ ያለባቸው መሆናቸው የታየው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልናገር። ዘዴው የሚታመነው በፓራፎርማልዲሃይድ በተያዘ ሴክሽን ላይ ብቻ ነው። ቴትራዞሊየምን ሊያቀልሙ የሚችሉ ብዙ ሌሎች ኢንዛይሞች አሉ፤ ፎርማልዲሃይድ አብዛኞቹን ሥራ ሲያስፈታቸው ኤንኖስ ይቋቋመዋል። ካልተያዘ ትኩስ ሴክሽን ላይ ብትሞክሩት ሁሉም ነገር ሰማያዊ ይሆንባችኋል።

በአንጎል ጥልቀት ያለውን ስትራያተም የተባለ ክፍል በ40 እጥፍ ሌንስ ስመለከት ያየሁትን ልንገራችሁ። ከኒውሮኖቹ 1 ወይም 2 ፐርሰንት የሚሆኑት ብቻ ናቸው የሚቀልሙት። ስለዚህ ሰፊ ባዶ መሬት ላይ አንድ፣ ከዚያ ራቅ ብሎ ሌላ ኒውሮን ታገኛላችሁ። የህዋሱ አካል መካከለኛ መጠን ያለውና ሾጠጥ ያለ ነው፤ ኒውክሊየሱ ያለበት ቦታ ቀለም የለውም፣ ዙሪያው ግን ጥቅጥቅ ብሎ ሞልቷል። ከአካሉ የሚወጡት ቅርንጫፎች እሾህ የላቸውም፣ ልስልስ ናቸው፤ ቅርንጫፉ ሲርቅ ደግሞ ቀለሙ እንደ ዶቃ እየተቋጠረ ይሄዳል። በአጠገቡ ካለው ቀጣይ ሴክሽን ላይ ዳያፎሬዙን ሳየው ብዛታቸውም፣ ቅርጻቸውም፣ የሚቀመጡበት ቦታም ያው ነው። ከዚያ በአንድ ሴክሽን ላይ ሁለቱንም ሠራሁ፤ በፍሎረሰንስ የበራው ኒውሮን ሁሉ ኋላ ሰማያዊ ሆነ። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፦ መጀመሪያ አንቲቦዲው፣ ከዚያ ፎቶው፣ ዳያፎሬዙ በመጨረሻ። ፎርማዛኑ አንዴ ከተቀመጠ የፍሎረሰንሱን ብርሃን ይጋርደዋል።

ሁለቱ የማይስማሙባቸው ቦታዎችም አሉ፣ እኔን ይበልጥ ያስተማሩኝም እነሱ ናቸው። የደም ሥሮች በዳያፎሬዝ ይቀልማሉ፣ በአንቲቦዲው ግን አይቀልሙም፤ ይህ የሚጠበቅ ነው፣ በደም ሥር ያለው ወንድሙ ነው የቀለመው፤ አንቲቦዲው ዝም ማለቱ ከወንድሙ ጋር እንደማይምታታ ይነግረናል። በኮርቴክስ (በአንጎል ውጫዊ ንጣፍ) ደግሞ ሁለት ዓይነት ኒውሮኖች አሉ። ትልልቆቹና ጥቂቶቹ በሁለቱም ዘዴ ደምቀው ይታያሉ፤ ትንንሾቹና ፈዘዝ ያሉት ግን በአንቲቦዲው ይታዩና በዳያፎሬዝ ብዙም አይለዩም፣ ኢንዛይሙ ያላቸው በትንሹ ስለሆነ። በማሽተት ነርቮች ላይ ደግሞ ኤንኖስ ሳይኖር ዳያፎሬዝ ይታያል። ስለዚህ ዳያፎሬዙም ብቻውን ቢታመን ያሳስታል።

ሴሬቤለምን ሳትጨምሩ ፈተናውን አትዝጉ። በጤነኛ አንጎል ግራኑላር ህዋሶቹና በሞለኪውላር ንጣፉ ውስጥ ያሉት የባስኬት ህዋሶች ይቀልማሉ፤ የፐርኪንጄ ህዋሶች ግን በመካከላቸው ባዶ ሆነው በረድፍ ይታያሉ። አንቲቦዲያችሁ ፐርኪንጄን ካቀለመ ዳይልዩሽኑን ወይም አንቲቦዲውን ራሱን ጠርጥሩ። በአንድ ሴክሽን ላይ አዎንታዊውም አሉታዊውም ጎን ለጎን ስለሚገኙ ከዚህ የተመቸ መመዘኛ የለም።

አንቲቦዲውን ከተሠራበት ቁራጭ ጋር አስቀድሞ ቀላቅሎ ቀለሙ መጥፋቱን ማየት እንደ ማረጋገጫ የሚቀርብበት ጊዜ ብዙ ነው። እኔ ብዙ ዋጋ አልሰጠውም። አንቲቦዲው ቁራጩን መያዙን ያሳያል፤ በሴክሽኑ ውስጥ ሌላ ተመሳሳይ ፕሮቲን አለመያዙን ግን አያሳይም፣ ቁራጩ ትክክለኛውንም የተሳሳተውንም ቀለም እኩል ያጠፋዋልና።

አሁን የያዝኩት ሦስተኛውን መንገድ ነው፦ ቀለሙን ከሌሎች የህዋስ መለያዎች ጋር ማነጻጸር። የስትራያተም ኤንኖስ ኒውሮኖች ሶማቶስታቲንና ኒውሮፔፕታይድ ዋይ የተባሉ መልእክተኞችም አሏቸው፤ ፓርቫልቡሚን የተባለ ፕሮቲን ያላቸውና አሴቲልኮሊን የሚሠሩት ግን ሌሎች ቡድኖች ናቸው። ስለዚህ የአንቲቦዲው ቀለም ከሶማቶስታቲን ጋር መግጠም፣ ከፓርቫልቡሚን ጋር ግን አለመግጠም አለበት። የሶማቶስታቲኑ ዙር በራት ላይ ደህና ሄዷል፤ የፓርቫልቡሚኑና የማውሱ ገና ናቸው። እስከዚያው በማስታወሻዬ ላይ የአንቲቦዲውን ካታሎግ ቁጥር፣ የሎት (የምርት ዙር) ቁጥሩን፣ የተገኘበትን እንስሳ፣ የተሠራበትን ቁራጭና አር አር አይ ዲ የሚባለውን የምርምር ግብዓቶች መለያ እመዘግባለሁ። ፖሊክሎናል (የብዙ አንቲቦዲዎች ቅልቅል) ከሆነ የሎቱ ቁጥር በተቀየረ ጊዜ ከሌላ እንስሳ የመጣ ሌላ ቅልቅል ሊሆን ስለሚችል አዲሱ ጠርሙስ ከአሮጌው ጋር በአንድ ቀን፣ ከአንድ አንጎል በተቆረጡ የሴሬቤለም ሴክሽኖች ላይ ይፈተናል። ከእናንተ መካከል የጭራ አንቲቦዲን በኤክሰን 6 ኖክአውት ላይ የሞከረ ካለ ውጤቱን ማየት በጣም እፈልጋለሁ።