ለየብቻ የተቆረጡ ሁለት ቲኬቶችና አንድ ኢንሹራንስ

ሁለት በረራዎችን ከሁለት አየር መንገዶች ለየብቻ መግዛት ብዙ ጊዜ ከአንድ ቲኬት ይረክሳል። የምንገዛውም ለዚያው ነው። ችግሩ የመጀመሪያው በረራ ሲዘገይ ይመጣል። በአንድ ቲኬት ቢሆን አየር መንገዱ ራሱ በሌላ በረራ ያሳፍራችኋል። ለየብቻ ሲሆን ግን ሁለተኛው አየር መንገድ ስለ መጀመሪያው አይመለከተውም። በሰዓቱ ካልተገኛችሁ «ኖ-ሾው»፣ ማለትም ያልቀረበ መንገደኛ፣ ብሎ ይመዘግባችኋል። ደርሶ መልስ ከሆነ ደግሞ መመለሻው አብሮ ሊሰረዝ ይችላል።

እኔ እንዲህ ያለ ጉዞ ሳቅድ ቲኬቶቹን ከመቁረጤ በፊት ኢንሹራንሱን ማንበብ ጀመርኩ። አሰልቺ ነው፣ አልዋሽም። ግን ወሳኙ ነገር ያለው ፊት ለፊት በሚታየው ሠንጠረዥ ላይ ሳይሆን ማንም በማያነበው የትርጓሜ ገጽ ላይ ነው። ሠንጠረዡ «ያመለጠ ኮኔክሽን»፣ ማለትም ያመለጠ ተከታይ በረራ፣ ብሎ ደህና ገንዘብ ይጽፋል። ትርጓሜው ጋ ስትሄዱ አንዳንዱ ኮኔክሽን የሚለው በአንድ ቲኬት ላይ ያሉ በረራዎችን ብቻ ነው። ሌላው የሚሸፍነው ከመነሻ አገር የሚደረገውን የመጀመሪያውን በረራ ብቻ ነው፤ መንገድ ላይ የሚያመልጠው አይመለከተውም። ምክንያትም ይመርጣሉ። የአየር ሁኔታ፣ የቴክኒክ ብልሽት፣ ያልታወጀ የሥራ ማቆም አድማ አብዛኛውን ጊዜ ይሸፈናሉ። የኢሚግሬሽን ሰልፍ ወይም የዘገየ ሻንጣ ግን ብዙውን ጊዜ የእናንተ ዕዳ ነው። ፖሊሲው (የኢንሹራንስ ውሉ) ሲገዛ አስቀድሞ የታወቀ አድማም እንደዚያው።

ስለዚህ ለኢንሹራንስ ኩባንያዎቹ በኢሜይል አንድ ጥያቄ ላክሁ፦ «ሁለቱ ቲኬቶች ለየብቻ የተገዙ ናቸው። የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጠኝ ትሸፍናላችሁ? በየትኛው አንቀጽ?» አንዱ ብሮሹር ላከልኝ። አንዱ አንሸፍንም አለ፤ ቅጥ ያለው መልስ ነው፣ አመሰግነዋለሁ። አንቀጹን ጠቅሶ አዎ ካለው ገዛሁና ኢሜይሉን አስቀመጥኩት። ስልክ ላይ የተባለ ነገር በኋላ አይገኝም።

አሁን ወደ ስሌቱ ልግባ፤ ለእኔ ዋናው ነገር ይሄ ነው። ብዙዎቹ ፖሊሲዎች ለትንሽ መዘግየት አይከፍሉም። የመጀመሪያው በረራ ቢያንስ ይህን ያህል ሰዓት መዘግየት አለበት ይላሉ። 3 ሰዓት የተለመደ ነው፤ 6 ወይም 12 የሚሉም አሉ። እንግዲህ በሁለቱ በረራዎች መካከል 3 ሰዓት አለ እንበል። ከአውሮፕላን ወርዶ፣ ኢሚግሬሽን አልፎ፣ ሻንጣ ተቀብሎ እንደገና ቼክ-ኢን ለማድረግ 2 ሰዓት ይፈጃል። የመጀመሪያው በረራ አንድ ሰዓት ተኩል ቢዘገይ ሁለተኛው አመለጠ። ኢንሹራንሱ ግን 3 ሰዓት አልሞላም ብሎ ሰባራ ሳንቲም አይከፍልም። ፖሊሲውን በትክክል ገዝቶ፣ በረራው አምልጦት፣ ባዶ እጁን የሚቀር ሰው እዚህ ክፍተት ውስጥ የወደቀ ነው።

መፍትሔው መደመር ነው። ፖሊሲው የሚጠይቀው የመዘግየት ሰዓት ሲደመር ለመሸጋገር የሚያስፈልገው ጊዜ። 3 ሲደመር 2፣ 5 ሰዓት። ቆይታው 5 ሰዓት ከሆነ ወይ እደርሳለሁ፣ ወይ መዘግየቱ ካሳ የሚያሰጠውን ሰዓት አልፏል። ያለ በረራም ያለ ካሳም የምቀርበት መሃል የለም። እኔም ሁለተኛውን በረራ የመረጥኩት በዚህ ስሌት ነው። 12 ሰዓት ለሚል ፖሊሲ 14 ሰዓት መጠበቅ ሊኖርባችሁ ነው፤ ያኔ ሌላ ኢንሹራንስ መፈለግ ይሻላል። ደግሞ ሻንጣ ለመቀበል ወደ አገሩ መግባት ስላለባችሁ ቪዛ ያስፈልግ እንደሆነ አስቀድሙና እዩ። በቪዛ ምክንያት ለሚቀር ሰው የሚከፍል ኢንሹራንስ አላየሁም።

የፈራሁት አልቀረም። የመጀመሪያው በረራ በቴክኒክ ብልሽት ቆመ። እንደማልደርስ ሲገባኝ በሩ ላይ ቁጭ ብዬ መጀመሪያ ወደ ኢንሹራንሱ የእርዳታ መስመር ደወልኩ። ወጪው እንዲቀንስ ማድረግ የመድን ገቢው ግዴታ ነው፤ ስለዚህ ምን ላድርግ ብሎ መጠየቅ ይጠቅማል። ከዚያ ለሁለተኛው አየር መንገድ ደወልኩ። አውሮፕላኑ ገና አልተነሳም ነበር። ዋጋ ያለው ይህ ነው። ከመነሳቱ በፊት ስለደወልኩ ኖ-ሾው አልሆንኩም። የለውጥ ክፍያና የዋጋ ልዩነት ከፍዬ ወደ ቀጣዩ በረራ ተዛወርኩ፤ መመለሻዬም ሳይነካ ቀረ። አዲስ ቲኬት ብገዛ ኖሮ ወጪው በጣም ይበልጥ ነበር።

ሌላው ሥራ ወረቀት ነው። ቦርዲንግ ፓስ፣ ሁለቱም ቲኬቶች፣ የሆቴልና የምግብ ደረሰኝ፣ የክፍያ ማረጋገጫ፣ የመጀመሪያው አየር መንገድ የሚሰጠው የመዘግየት ደብዳቤ። ደብዳቤው ላይ ትንሽ ታገልኩ። መጀመሪያ የሰጡኝ «በኦፕሬሽናል ምክንያት ዘግይቷል» ይላል። ኢንሹራንሱ መለሰው፤ እንዲህ የሚባል ምክንያት ፖሊሲው ውስጥ የለማ! እንደገና ጽፌ የቴክኒክ ብልሽት መሆኑና በረራው የደረሰበት ትክክለኛ ሰዓት ያለበት ደብዳቤ ተቀበልኩ። ያኔ ክሌሙ፣ የካሳ ጥያቄዬ፣ ተንቀሳቀሰ።

የለውጥ ክፍያውን፣ የዋጋ ልዩነቱንና ሆቴሉን ከፈሉ። አየር መንገዱ የምግብ ኩፖን ሰጥቶኝ ስለነበር የዚያን ያህል ቀነሱ። ኤክሰስ የሚሉትን፣ ከራሴ የምችለውን ድርሻም ቆረጡ።

ለዚያ ድርሻ የመጀመሪያውን አየር መንገድ ጠየቅሁ። ስለ ዓለም አቀፍ የአየር ጉዞ የተደረገው የ1999ኙ (እ.ኤ.አ.) የሞንትሪያል ስምምነት አንቀጽ 19 በመዘግየት ለደረሰ ጉዳት አጓጓዡን ተጠያቂ ያደርጋል፤ ጉዳቱን ለማስቀረት ተገቢውን እርምጃ ሁሉ መውሰዱን ካላስረዳ በስተቀር። ከአውሮፓ ኅብረት አገር ለሚነሳ በረራ ደግሞ 261/2004 የሚባለው ደንብ አለ፤ 3 ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይቶ ለደረሰ መንገደኛ እንደ ርቀቱ ከ250 እስከ 600 ዩሮ ሊያስገኝ ይችላል። ለየብቻ በተገዛ ቲኬት ግን የሚቆጠረው የዚያ አንድ በረራ መዘግየት ብቻ ነው፤ የመጨረሻው መድረሻ አይታይም። የእኔ በረራ እዚያ ስለማይገባ በሞንትሪያሉ ጻፍኩ። መልስ እየጠበቅኩ ነው። ስምምነቱ ለክስ 2 ዓመት ስለሚሰጥ አልቸኩልም።