ጋሼ የጠየቁት

ደሴ፣ ሐሙስ ማታ

ሰሞኑን ዘመድ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ጋሼ ይድናሉ?»

አጎቴ ፊንጢጣ አጠገብ የወጣባቸው የአንጀት ካንሰር በቀዶ ሕክምና ከወጣላቸው ሦስት ዓመት አልፏል። ደህና ነበሩ። አሁን በክትትል ሲቲ ስካን ሳንባቸው ላይ አንድ ትንሽ እባጭ ታየ። ሐኪሙ ከአንጀቱ የመጣ ነው፣ ተቀዶ ሊወጣ ይችላል አለን። ሐይቅ ያሉት ዘመዶቻችን «አንጀትና ሳንባን ምን አገናኛቸው?» ይላሉ። የሚያገናኛቸው ደም ነው። ከአብዛኛው አንጀት የሚመለሰው ደም መጀመሪያ ጉበት ይገባል፤ ካንሰሩም ብዙ ጊዜ እዚያ ያርፋል። ከታችኛው ጫፍ የሚመለሰው ግን ጉበትን ሳይነካ ወደ ልብ፣ ከዚያ ወደ ሳንባ ይሄዳል።

ሐኪሞች ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚሆነውን ለመገመት የሚያዩት ነገር የታወቀ ነው። እባጩ አንድ ነው ወይስ ብዙ? በሽታው እስኪመለስ ምን ያህል ቆየ? ሲኢኤ የሚባለው የደም ምርመራ ከፍ ብሏል? ደረት ውስጥ ያሉት ንፍፊቶች ተነክተዋል? ደግሞስ አንድም ሳይቀር ተጠርጎ ይወጣል? የጋሼ መልስ እስካሁን ደግ ነው። ለእናቴ ስነግራት «አልሐምዱሊላህ» ብላ ተነፈሰች።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው። ብዙ ሆስፒታሎች ሳንባቸው ከተቀደደላቸው ሰዎች ከመቶ 40 እስከ 60 የሚሆኑት አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ እንደኖሩ ይዘግባሉ። ግን እነዚያ ሰዎች የተመረጡ ናቸው። እባጫቸው ጥቂት፣ በሽታቸው ዝግ ያለ፣ አቅማቸው ደህና ነው። ታዲያ ያኖራቸው ቀዶ ሕክምናው ነው ወይስ የበሽታቸው ጠባይ?

ይህን ለመለየት ፑልሚክ የተባለ በእንግሊዝ ተመራማሪዎች የተመራ ጥናት ታማሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ውጤት 93 ሰዎችን ይዟል። ከየቡድኑ ግማሾቹ በሕይወት የቆዩበት ጊዜ ሲታይ ለተቀደዱት 3.5 ዓመት፣ ላልተቀደዱት 3.8 ዓመት ነው። ያልተቀደዱት ከተገመተው እጅግ የተሻለ ኖረዋል። የሰዎቹ ቁጥር ግን ትንሽ ነው፤ ነገሩን አይዘጋውም። እኔ አሁንም እንደ ጋሼ ላለ ሰው ቀዶ ሕክምናው ያመዝንብኛል። «ካልተቀደዱ አለቀላቸው» የሚለውን ግን ከእንግዲህ ከአፌ አላወጣም።

አክስቶቼ ለጋሼ ለራሳቸው እንዳይነገር ፈልገው ነበር። «ልባቸውን አታድክም» አሉኝ። ሐኪሙም ቢሆን ኮሪደር ላይ ለኛ ብቻ ነው የነገረን። ይሄ ያናድደኛል። ደረቱ የሚከፈተው የሳቸው ነው፤ ከሳንባቸው የሚቆረጠውም የሳቸው ነው። ሰውየው ዕድሜ ልካቸውን ሒሳብ ያስተማሩ ናቸው፤ ከመቶ ስንት ማለት ምን እንደሆነ ከኔ በላይ ያውቃሉ።

ዛሬ ከቡና በኋላ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቁጥሮቹንም፣ ጥርጣሬዬንም። ዝም ብለው ሰሙኝ። «አብሽር፣ ምን ያስፈራሃል» አሉኝ እኔኑ። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ለሰኞው ቀጠሮ ጥያቄ መጻፍ ጀመሩ። መጀመሪያ የጻፉት «ሳይቀደድ በየሦስት ወሩ በሲቲ ስካን ብንከታተለውስ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ሌላኛው ሳንባ ንጹሕ መሆኑን በምን አረጋገጣችሁ?» ይላል። ሰኞ ሲገቡ ከጎናቸው እቀመጣለሁ፤ የሚጠይቁት ግን እሳቸው ናቸው።