ማኅተም የሌለው አዋጅ

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 8፣ ተቆጣጣሪ ያለ ቅድመ ማስታወቂያ፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ወደ ፋብሪካ መግባት ይችላል ይላል። የእኛ መሥሪያ ቤት ግን «ትብብር እንዲደረግላቸው» የሚል ደብዳቤ ለፋብሪካው ቀድሞ ይልካል። ለምን ብዬ ብጠይቅ ኃላፊያችን «አዋጁ መኪና ይመድባል እንዴ?» አሉኝ። መኪና የሚወጣው በደብዳቤ ነው። ደብዳቤ ደግሞ ግልባጭ አለው።

አንዴ ሹፌሩን አባብለን ደብዳቤው ላይ ካለው ቀን ቀድመን ሞጆ ወረድን። ወንዙ ዳር ካሉት ቆዳ ፋብሪካዎች አንዱ ነው፤ ስሙ ይቅር። ከአጥሩ ሥር የሚወጣው ፍሳሽ የቆዳ ማልፊያውን የክሮም ቀለም ይዞ አረንጓዴ ሰማያዊ ሆኗል። የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ከአጥር ውጭ መቅዳት ግን ዋጋ የለውም፤ «የላይኛው ፋብሪካ ነው» ይሉሃል። መውጫው ላይ፣ ተወካያቸው ባለበት መቀዳት አለበት።

በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ጥበቃ አሉ።

«ደብዳቤ፣ የኔ ልጅ።»

ከነጋሪት ጋዜጣ ኮፒ ያደረግሁትን አዋጅ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አወጡ። አማርኛውን ጨርሰው እንግሊዝኛውንም ቃኘት አደረጉት። ገልብጠው ጀርባውን አዩ።

«ማኅተሙስ?»

«አባባ፣ አዋጅ እኮ ነው። ፓርላማ ያወጣው።»

«እሱማ መች ጠፋኝ። ማኅተም ግን የለውም።»

ልመልስ ስል ከአጥሩ ጀርባ የፍሳሽ ማጣሪያው አየር መንፊያ፣ ብሎወሩ፣ ጉርር ብሎ ተነሣ። እኔም ሰማሁ፣ እሳቸውም ሰሙ። ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ።

«እንግዲህ ግቡ፣ ምን ይደረጋል።»

መውጫው ላይ ስንደርስ ውሃው ኩልል ብሏል። ፒኤቹን፣ የአሲድነቱን መጠን፣ ለካሁ፤ የሚፈቀደው ከ6 እስከ 9 ነው፣ መሀል ላይ ቁጭ አለ። የአካባቢ ባለሙያቸው ማጣሪያውን ሊያስጎበኘኝ ፈለገ። ማጣሪያው ውስጥ ቆሻሻውን የሚበላው ባክቴሪያ በሩብ ሰዓት እንዲህ አያጠራም፤ የቧንቧ ውሃ ግን ያጠራል። ይህን የምጽፍበት ቦታ ቅጹ ላይ የለም። ጠርሙሱን ሞልቼ በረዶ ውስጥ ከተትኩ፤ እሱም ፈገግ ብሎ ፈረመ።

ስመለስ አዋጁን ማኅተም ላስመታበት መዝገብ ቤት ወሰድኩት። ልጅቷ አገላበጠችው።

«የኃላፊ ፊርማ የለበትም።»

መጨረሻው ላይ ያለውን የፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስን ስም አሳየኋት።

«የሳቸው ፊርማ እኛ ጋ አልተመዘገበም» አለችኝ።

ኃላፊያችን ደግሞ ስብሰባ ላይ ናቸው።