የአጎቴ ክንድና ያልጠየቅነው ካሳ

ሰሞኑን መሃል ሜዳ ሄጄ አጎቴ ቡናውን በግራ እጁ ሲያነሳ አየሁት፣ ቀኙ እስካሁን ከትከሻው በላይ አይሄድለትም። ሆዴ ተቃጠለ፣ በዛው ይሄን ለመጻፍ ወሰንኩ።

ነገሩ የወሰን ጠብ ነው። ጎረቤቱ አመሻሽ ላይ መንገድ ጠብቆ በዱላ ክንዱን ሰበረው። እኛ ደሞ ወጌሻ ጋ ወሰድነውና ሀኪም ቤት የደረሰው በአምስተኛው ቀን ነው፣ ስለዚህ የሕክምና ማስረጃው ያበጠ ክንድ እንጂ የመጀመሪያውን ቀን ጉዳት አያሳይም። ይሄ በኋላ ጎዳን።

ተከሳሹ "መጥረቢያ ይዞ መጣብኝ፣ ራሴን ነው የተከላከልኩት" አለ። ራስን መከላከል የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 የሚያውቀው መብት ነው፣ ማንም ቆሞ አይደበደብም። ግን ጥቃቱ የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ መሆን አለበት፣ በሌላ መንገድ ማምለጥ የማይቻል፣ አጸፋውም ተመጣጣኝ። መጠኑን ካለፈ አንቀጽ 79 ቅጣቱን ያቀልለታል፣ በፍርሃት ወይም በድንጋጤ ከሆነ ጭራሽ ሊቀርለትም ይችላል። የኛን ጉዳይ የለየው ውሃ ቀድታ ስትመለስ ያየች ልጅ ናት፣ ሁለተኛው ዱላ ያረፈበት መሬት ከወደቀ በኋላ ነው ብላ መሰከረች። መሬት የወደቀ ሰው ምን ያጠቃል?

ጥፋተኛ ተባለ፣ ታሰረ። አጎቴ "ለኔስ?" አለ። ካሳው አብሮ የሚመጣ መስሎን ነበር! በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 101 ተጎጂው ካሳውን ከወንጀል ክሱ ጋር አብሮ መጠየቅ ይችላል፣ ግን በ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 154 ችሎቱ ሲጀመር በጽሑፍ፣ የገንዘቡን ልክ ጠቅሶ ነው ማመልከት ያለበት። አንድም ሰው አልነገረን፣ እኛም አልጠየቅንም። ዘመድ የተደበደበባችሁ ካላችሁ በመጀመሪያው ቀጠሮ ይሄን ይዛችሁ ግቡ፣ እባካችሁ።

አሁን የቀረን የፍትሐ ብሔር ክስ ነው። ጊዜው 2 ዓመት ነው፣ የወንጀሉ ይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜ ገደቡ፣ ከዛ ከረዘመ ግን ረጅሙ ይሠራል። ተከሳሹ በወንጀል ነፃ ቢወጣ እንኳን የካሳ ክሱ አይዘጋም ነበር፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2149። የሚያናድደኝ የሞራል ካሳው ነው፣ ይኸው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጣሪያውን 1,000 ብር ላይ አስቀምጦታል፣ ዛሬ 1,000 ብር ምን ይገዛል? ስለዚህ ዋናው ካሳ በገንዘብ የሚቆጠረው ጉዳት ላይ ነው፣ የሕክምና፣ የትራንስፖርት፣ ክንዱ ሳይሠራ ለገብሱ አጨዳ የከፈለው የቀን ሠራተኛ።

ስነሳ በፌስታል የቋጠረውን ደረሰኝ በግራ እጁ አቀበለኝ። ለወጌሻው የከፈልነው እዛ ውስጥ የለም።