ወላጆችን ዋሽንግተን ስታስጎበኙ በሩን ጠንቀቅ በሉ

ከአገር ቤት የመጡ እናትና አባትን ዋሽንግተን ዲሲ ስታስጎበኙ ቀኑ የሚበላሸው በር ላይ ነው። ሐውልቱ የትም አይሄድም፣ ሙዚየሙም በነጻ ነው፤ ፍተሻው፣ የቲኬቱ ሰዓትና የፈታሹ ፊት ግን ያላሰባችሁትን ያመጣሉ። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም። የጉብኝት መመሪያዎቹ የሚጻፉት እግሩ ለጸና ወጣት ነው፤ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው፣ እንግሊዝኛ ለማይሰሙ፣ ረቡዕና ዓርብ ለሚጾሙ እናት የጻፈ የለም።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልበል። ስሚዝሶንያን በሚባለው የሙዚየሞች ተቋም ሥር ዋሽንግተን ያሉት ሙዚየሞች ሁሉ መግቢያቸው ነጻ ነው። ከፈረንጆቹ የገና ቀን በቀር በየቀኑ ክፍት ናቸው፤ አብዛኞቹም ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 11፡30 ይሠራሉ (ሰዓቱን ሁሉ የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው)። ለባቡር ለእያንዳንዱ ሰው ስማርትሪፕ ካርድ ያዙ፤ 65 ዓመት የሞላቸው በአረጋውያን ካርድ በግማሽ ዋጋ ይሄዳሉ። ሐውልቶቹን እየዞረ ያደርስ የነበረው ሰርኩሌተር የሚባለው ርካሽ አውቶቡስ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ቆሟል። የቆዩ መመሪያዎች ላይ ስላለ እሱን ተማምናችሁ እንዳትወጡ።

የመጀመሪያውን ሳምንት በእነሱ ሰዓት ምሩት። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ አዲስ አበባ ዋሽንግተንን በ7 ሰዓት ትቀድማለች፣ በቀሪው ጊዜ በ8። እዚህ ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን የእናታችሁ ሰውነት ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ሙዚየም ውስጥ ማዞር ከንቱ ድካም ነው። በሌላ በኩል ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ነቅተው ውዳሴ ማርያማቸውን ደግመው ጨርሰው ይጠብቋችኋል። ተጠቀሙበት። የሊንከን መታሰቢያ 24 ሰዓት ክፍት ነው፤ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ከደረሳችሁ ሰው የለም፣ ሙቀት የለም፣ ፍተሻም የለም። ከውኃው ገንዳ እስከ ሐውልቱ አዳራሽ 87 ደረጃ አለ፤ ሊፍቱ መሥራት አለመሥራቱን ግን ሕንፃው እድሳት ላይ ስለቆየ ከመሄዳችሁ በፊት አጣሩ። ማርቲን ሉተር ኪንግ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 28 ቀን 1963 ቆሞ የተናገረበት ደረጃ ላይ ጽሑፍ ተቀርጿል፤ ወላጆች እዚያ ላይ ፎቶ መነሣት ይወዳሉ።

ከዚያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ጥቂት ስትሄዱ የኮሪያ ጦርነት መታሰቢያ አለ። ሰው ሁሉ የሚያየው 19ኙን የወታደር ሐውልቶች ነው። እናንተ ግን በስተሰሜን በኩል ያለውን የመተላለፊያውን ዝቅተኛ የድንጋይ ጠርዝ ተከተሉ። በተባበሩት መንግሥታት ሥር የተሰለፉት 22 አገሮች ስም አንድ በአንድ ተቀርጿል፣ ኢትዮጵያም አለች። የቃኘው ሻለቃ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ነበር የተዋጋው። በጃንሆይ ዘመን ላደገ አባት ከከተማው ሙዚየሞች ሁሉ ይህ ድንጋይ ይበልጣል፤ ወደ ታች ካልተመለከቱ ግን አልፈውት ይሄዳሉ። ለእናት ደግሞ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይሁን። ቲኬት አይጠይቅም፤ የሰው ዘር አመጣጥ በሚታይበት አዳራሽ የድንቅነሽ ዝርያ ምን ትመስል እንደነበር የሚያሳይ ቅርጽ አለ። አጽሟ ራሱ ያለው አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ነው፤ ይህንንም ንገሯቸው፣ ደስ ይላቸዋል።

አሁን ወደ በሩ። የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክ ሙዚየምና የአየርና የሕዋ ሙዚየም ነጻ ቢሆኑም ሰዓት የተጻፈበት ቲኬት ይጠይቃሉ፤ ቀድማችሁ በኢንተርኔት መያዝ አለባችሁ። የዋሽንግተን ሐውልትም እንዲሁ ነው፤ ለቀድሞ መያዣው 1 ዶላር ይከፈላል። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ምንም አትያዙ፣ በረራ ይዘገያል፣ ሻንጣ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ላሉት ቀናት የጠዋቱን የመጀመሪያ ሰዓት ያዙ። ከሰዓት በኋላ ሰው ስለሚቀንስ ያኔ ይሻላል የሚል ምክር በየቦታው ታነባላችሁ። ለሌላው ጎብኚ ይሠራ ይሆናል፤ ከአገር ቤት ለመጣ ሽማግሌ ግን ያ ሰዓት እንቅልፍ ነው።

ፍተሻው ላይ ረጋ ብዬ ልጻፍ። ምክር ቤቱ፣ ካፒቶል፣ ጉብኝቱ ነጻ ነው፤ ነገር ግን ምግብ የሚባል፣ ታሽጎ ያልተከፈተም ቢሆን፣ ፈሳሽም ውኃን ጨምሮ አያስገባም። ቦርሳም ከ46 በ36 በ22 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። ሌሎቹ ሕንፃዎች በዚህ አይመሳሰሉም፤ አንዱ ውኃ ይፈቅዳል፣ አንዱ አይፈቅድም። የእናት ቦርሳ ውስጥ ደግሞ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ፦ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ብርቱካን፣ መድኃኒት፣ በሃይላንድ የተሞላ ጸበል።

ጸበሉ ነው የሚያናድደኝ፣ ዛሬም። ስሙን በማልጠራው አንድ መግቢያ ላይ ፈታሹ ሃይላንዱን አንሥቶ የቆሻሻውን በርሜል በጣቱ አሳየ። ምን እንደሆነ ሲነገረው አልሰማም፤ ከጎኑ የቆመችው ባልደረባው ግን ለሌላ ሰው ውኃ ስታሳልፍ ነበር። ሕጉን አልቃወምም፣ ፍተሻ ያስፈልጋል። ነገር ግን አንድ በር ላይ ሁለት ሕግ ካለ፣ አንዲት ባልቴት ጸበሏን ቆሻሻ ላይ እንድትጥል ስትታዘዝ ቢያንስ አንድ ደቂቃ መታገሥ ይቻል ነበር። ለዚህ መፍትሔው አንድ ብቻ ነው፦ ጸበሉ ቤት ይቅር። «አንዴ ብቻ ነው የምጎነጨው» ቢሉም ጠዋት ቤት ጠጥተው ይውጡ። ድንገት በር ላይ ከተያዘባችሁ ሰልፉን ለቃችሁ ውጡና ጠጥተው ይጨርሱት፣ ወይም እግር የማይረግጠው ዛፍ ሥር አፍስሱት። ሰልፉን እንደገና መያዝ ይሻላል፤ ያዘነች እናት ቀኑን ሙሉ ምንም አይታያትም።

ሁለተኛው መቀነት ነው። ብዙ እናቶች ገንዘብና ፓስፖርት ወገባቸው ላይ ከቀሚስ ሥር ቋጥረው ይይዛሉ። ፈታሹ እብጠቱን አይቶ ምንድን ነው ይላል፣ እናት የጠየቃቸውን ሳይሰሙ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፣ ነገሩ ወደ ሌላ ይሄዳል። ከቤት ሳትወጡ መቀነቱ ይፈታ፤ ፓስፖርቱ በእናንተ ቦርሳ ይሁን። ጉልበት ወይም ልብ ውስጥ ብረት ያለባቸው ከሆነ የሐኪሙን ወረቀት ያዙና ማሽኑ ከመጮኹ በፊት ተናገሩ። የስኳር መድኃኒት ስማቸው የተለጠፈበት በዋናው ዕቃው ይሁን፣ በላስቲክ ጠቅልላችሁ አትያዙ።

ሦስተኛው የሰልፍ ቅደም ተከተል ነው። እናንተ ፊት ካለፋችሁ ወደ ኋላ አትመለሱም፤ መጨረሻ ከሆናችሁ ደግሞ እናት ወዲያ ማዶ ብቻቸውን ሲጠየቁ እናንተ ቀበቶ እየፈታችሁ ነው። ትንሽ እንግሊዝኛ የሚሰሙት አባት ይቅደሙ፣ እናንተ መሐል ሁኑ፣ እናት ከኋላችሁ ተጠግተው ይምጡ። ነጠላው፣ የአንገት መስቀሉ፣ ስልኩ ሁሉ ተራ ከመድረሱ በፊት አንድ ቦርሳ ውስጥ ይግባ።

ከበሩ ቀጥሎ የሚጎዳው ርቀት ነው። ከካፒቶል እስከ ሊንከን መታሰቢያ በዓይን ቅርብ ይመስላል፤ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ጥላውም ጥቂት። በቀን ሁለት ቦታ ይበቃል፣ ሁለቱም ጎን ለጎን ይሁኑ። ካፒቶልን አይታችሁ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትን ማየት ከፈለጋችሁ በምድር ውስጥ የሚያገናኝ መተላለፊያ አለ፤ ፀሐይ አይነካችሁም። ለቤተ መጻሕፍቱም ነጻ የሰዓት ቲኬት ያዙ። «ደከመዎት?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ «ኧረ ደህና ነኝ፣ በእኔ ምክንያት እንዳትቆሙ» ነው፣ ሁልጊዜ። ይሉኝታ ነው፤ ማታ እግራቸው አብጦ ታዩታላችሁ። በየግማሽ ሰዓቱ ራሳችሁ ቀድማችሁ ተቀመጡ።

ስሚዝሶንያኖቹ ውስጥ ዊልቸር በነጻ ይሰጣል፣ ቀድሞ ለመጣ ነው፤ ከሕንፃው ግን አይወጣም። ወላጆች መጀመሪያ እምቢ ይላሉ፣ ዊልቸር ላይ መቀመጥ የሕመምተኛ ምልክት ይመስላቸዋል። አትከራከሩ። ወስዳችሁ ቦርሳና ካፖርት ጫኑበትና ግፉት። አንድ ፎቅ ሳይጨርሱ ቦርሳውን አንሥተው ራሳቸው ይቀመጡበታል።

አርሊንግተን መቃብርን ለብቻው ቀን ስጡት። ዕድሜው 16 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሁሉ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ይጠየቃል፤ ለወላጆች ፓስፖርታቸው ነው። መንገዱ ዳገት ስለሆነ ገንዘብ ቆጥባችሁ በእግር አታስወጧቸው፣ ውስጥ ለሚዞረው ተሽከርካሪ ክፈሉ። የኬኔዲ መቃብር ላይ የማይጠፋው እሳት አለ። ጃንሆይ እ.ኤ.አ. ኅዳር 25 ቀን 1963 በቀብሩ ላይ ከዓለም መሪዎች ጋር በእግር እንደሄዱ ያን ጊዜ የነበረ ሁሉ ያስታውሰዋልና ለመቆም ጊዜ ተዉላቸው። ያልታወቀው ወታደር መቃብር ላይ የጥበቃ ቅያሪ ከፈረንጆቹ ሚያዝያ እስከ መስከረም በየግማሽ ሰዓቱ፣ በቀሪዎቹ ወራት በየሰዓቱ ነው። በፈረንጆቹ ክረምት አንዱ ካመለጣችሁ ሌላ አንድ ሰዓት በብርድ መቆም ስለሆነ፣ ከኬኔዲ መቃብር ስትነሡ ሰዓታችሁን አይታችሁ ተነሡ።